ፊል ስለው ወላጁ ፍሬም ለምን ይደርቃል? የኦቶ ሌይአውት መጠን ችግር

ሰማያዊት (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፊግማ (የገጽ ዲዛይን መሥሪያው) ላይ ለስልክ የሚሆን የዝርዝር ገጽ አለ። እያንዳንዱ ካርድ በአግድም ኦቶ ሌይአውት (ውስጡ ያሉትን በራሱ በሚደረድር ፍሬም፣ ማለትም መያዣ ሳጥን) የተሠራ ነው፦ በግራ 72 በ72 ምስል፣ መሃል ላይ ርዕስና መግለጫ የያዘ ቁልቁል ፍሬም፣ በቀኝ ጫፍ 24 በ24 የቀስት አይከን። የካርዱ ፓዲንግ (ከጠርዙ ወደ ውስጥ ያለው ክፍተት) በአራቱም በኩል 16፣ ጋፑ (በነገሮቹ መካከል ያለው ክፍተት) 12። የገጹ ወርድ 375 ነው፤ ግራና ቀኙ 16 ሲቀነስ ካርዱ 343 ይሆናል።

ርዕሱ አጭር ሲሆን ሁሉም ልክ ነው። ረዘም ያለ ርዕስ ሲገባ ግን ጽሑፉ ታጥፎ አይወርድም፤ ቀስቱን ገፍቶ ከካርዱ ውጭ ያስወጣዋል። ሁለቱን ጽሑፎች መርጬ ፊል ኮንቴነር ስላቸው መሃል ያለው ፍሬም ከሀግ ወደ ፊክስድ ተቀይሮ ይገኛል። ማንም አልነካውም። ርዕሱም እንደ በፊቱ በአንድ መስመር ይቀራል። ገጹን ወደ 320 ሳጠበው ደግሞ ካርዱ 343 ላይ እንዳለ ነው። መግለጫው ሦስት አራት መስመር ሲሆን የካርዱ ቁመት 104 ላይ ይቆምና ጽሑፉ ከታች ይፈስሳል።

ከየት ነው የሚጀመረው?

---

መስመር በመስመር

ሰማያዊት፣ የጠቀስሻቸው ሁሉ የአንድ ችግር መልኮች ናቸው። ኦቶ ሌይአውት ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር ወርዱንና ቁመቱን ለየብቻ የሚወስንለት አለው። ሀግ ከሆነ የሚወስነው በውስጡ ያለው ይዘት ነው። ፊል ከሆነ የሚወስነው ከውጭ ያቀፈው ወላጅ ፍሬም ነው። ፊክስድ ከሆነ የተጻፈው ቁጥር ነው። አሁን ወላጁ ሀግ ሆኖ መጠኑን ከልጆቹ ሲጠብቅ፣ ልጆቹ በሙሉ ፊል ሆነው ከወላጃቸው ከጠበቁ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚሰጥ የለም። ፊግማ ይህን ዙሪያ ጥምጥም የሚፈታው ወላጁን በዚያች ቅጽበት ባለው ወርድ ላይ ፊክስድ በማድረግ፣ ማለትም በማድረቅ ነው። ምንም ማስጠንቀቂያ አያሳይም። ያንቺ ርዕስ በአንድ መስመር የቀረውም ለዚህ ነው፤ ወላጁ የደረቀው በረጅሙ ርዕስ ወርድ ላይ ስለሆነ ጽሑፉ የሚታጠፍበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ሁልጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ ሂጂ። ከውስጥ ከጀመርሽ እያንዳንዱ ፊል ከበላዩ ያለውን ፍሬም እያደረቀው ይሄዳል።

1. ገጹ፦ ወርዱ ፊክስድ 375። ቁጥር የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው።
2. ካርዶቹን የያዘው ቁልቁል ዝርዝር፦ ወርዱ ፊል፣ ቁመቱ ሀግ፣ የግራና የቀኝ ፓዲንጉ 16። ገጹ ራሱ ኦቶ ሌይአውት ካልሆነ ፊል የሚለው ምርጫ አይመጣልሽም፤ መጀመሪያ እሱን ቁልቁል ኦቶ ሌይአውት አድርጊው፤ ወርዱ 375 ላይ ፊክስድ መቆየቱንም አረጋግጪ።
3. ካርዱ፦ ወርዱ ፊል፣ ቁመቱ ሀግ።
4. ምስሉና ቀስቱ፦ ሁለቱም ፊክስድ፣ 72 በ72 እና 24 በ24።
5. መሃል ያለው ፍሬም፦ ወርዱ ፊል፣ ቁመቱ ሀግ።
6. ርዕሱና መግለጫው ራሳቸው፦ ወርዳቸው ፊል፣ ቁመታቸው ሀግ።

በዚህ ቅደም ተከተል ከሄድሽ መሃል ያለው ፍሬም 343 ሲቀነስ 32 ፓዲንግ፣ ሲቀነስ 72፣ ሲቀነስ 24፣ ሲቀነስ ሁለት ጋፕ ማለትም 24፣ በድምሩ 191 ይሆናል። ገጹን ወደ 320 ስታጠቢው 136 ላይ መውረድ አለበት። ቁጥሩ ከዚህ ከተለየ ከስድስቱ አንዱ ደርቋል ማለት ነው።

5ኛውና 6ኛው ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ ስህተቱን ግን በዓይን መለየት ይቻላል። ቀስቱ ተገፍቶ ከካርዱ ከወጣ መሃል ያለው ፍሬም ገና ሀግ ነው፣ ወይም በሰፊ ቁጥር ደርቋል። ቀስቱ ቦታው ላይ ሆኖ ጽሑፉ በላዩ ላይ ከተጻፈበት ፍሬሙ ፊል ሆኗል፣ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ግን ገና ሀግ ነው። ጽሑፍ ሀግ ሲሆን መስመር የሚሰብረው ኢንተር በተመታበት ቦታ ብቻ ነው። ሦስተኛ መልክም አለ፦ ርዕሱ በየመስመሩ አንድ አንድ ፊደል ሆኖ ቁልቁል ከተደረደረ፣ ፊክስድ የሆኑት ጎረቤቶቹ ቦታውን ጨርሰውበታል። ፊል የሚያገኘው የተረፈውን ነው፤ ካልተረፈ ወርዱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለፍሬሙ አነስተኛ ወርድ መስጠት ነው፣ ለምሳሌ 96።

የቁመቱ ነገር ቀላል ነው። 104 ማለት የምስሉ 72 ሲደመር የላይና የታች 16 ነው። አንድ ሰው የካርዱን የታች ጠርዝ ይዞ ጎትቶ፣ ወይም የቁመት ሳጥን ውስጥ 104 ብሎ ጽፎ ነው የደረቀው። ጠርዝ መጎተት ሀግን በዚያ አቅጣጫ ወደ ፊክስድ ይቀይራል፤ በ1 ፒክሰልም ቢሆን። ለመመለስ ያንኑ ጠርዝ ሁለቴ ጠቅ አድርጊው፣ ሀግ ይሆናል። አልት ይዘሽ፣ ማክ ላይ ኦፕሽን ይዘሽ ሁለቴ ጠቅ ካደረግሽው ደግሞ ፊል ይሆናል።

---

ሰማያዊት

እጅግ አመሰግናለሁ። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲኬድ ሠራ፤ 375 ላይ 191፣ 320 ላይ 136 ያሳያል። ጥፋቱ ከካርዱ በላይ ነበር። በካርዱና በዝርዝሩ መካከል አንድ ትርፍ ፍሬም አለ፣ ሀግ ሆኖ የተቀመጠ።

አሁን የቀረው፦ ካርዱ ኮምፖነንት (ቅጂ የሚወጣለት ዋና ናሙና) ነው። ዋናው ላይ ተስተካክሏል፣ ሌሎች ገጾች ላይ ያሉት ኢንስታንሶች (ቅጂዎቹ) ግን ግማሾቹ ብቻ ናቸው የተከተሉት።

---

መስመር በመስመር

ትርፍ ፍሬሙ የሚመጣው ከሺፍትና ኤ (ከኦቶ ሌይአውት አቋራጭ ቁልፍ) ነው። ኦቶ ሌይአውት የሌለው ፍሬም ላይ ስትጫኚው ያንኑ ፍሬም ይቀይረዋል፤ ኦቶ ሌይአውት ባለው ላይ ደግመሽ ከተጫንሽው ግን በሌላ አዲስ ፍሬም ይጠቀልለዋል። አዲሱ ሀግ ሆኖ ነው የሚወለደው። ፊል እንደ ሰንሰለት ነው፤ ከገጹ እስከ ጽሑፉ ድረስ አንዲት ቀለበት ሀግ ከሆነች ከእሷ በታች ያለው ሁሉ የገጹን ወርድ አያውቅም። የሌየር ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ በኢንተርና በሺፍት ኢንተር እየተመላለሱ ማየት ነው፤ ኢንተር ወደ ልጅ ያስገባል፣ ሺፍት ኢንተር ወደ ወላጅ ይመልሳል።

የኢንስታንሱን ለባለሙያው ልተወው።

---

ባለ ኮምፖነንት

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ካርዱ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ፊል መሆኑ የዋናው ኮምፖነንት ንብረት አይደለም። ዋናው ኮምፖነንት ባዶ ሸራ ላይ ስለተቀመጠ ኦቶ ሌይአውት ያለው ወላጅ የለውም፤ ወላጅ ከሌለው ፊል የሚባል ምርጫ የለውም። ስለዚህ አዲስ ኢንስታንስ ባስገባሽ ቁጥር በዋናው ወርድ ነው የሚመጣው፣ ፊል የምትይው እዚያው በቦታው ነው። በውስጡ ያሉት፣ ማለትም መሃል ያለው ፍሬምና ጽሑፎቹ፣ ከዋናው ይወርሳሉ።

ሁለተኛ፣ ያልተከተሉት ኢንስታንሶች አንድ ጊዜ በእጅ የተጎተቱ ናቸው። በእጅ የተለወጠ መጠን በኢንስታንሱ ላይ እንደ ልዩ ለውጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ላይ ቁመቱን ሀግ ብትይውም ያ ኢንስታንስ የራሱን 104 ይዞ ይቀራል።

ማስተካከያው፦ አንዱን ኢንስታንስ ምረጪ፣ ከኤዲት ሜኑ ሴሌክት ኦል ዊዝ ሴም ኢንስታንስ የሚለውን ተጫኚ፤ በዚያ ገጽ ላይ ያሉት ሁሉ ይመረጣሉ። የወርድና የቁመት ሳጥኑ ሚክስድ የሚል ከሆነ የተቀላቀሉ ናቸው ማለት ነው። ወርዱን ፊል፣ ቁመቱን ሀግ በያቸው። ይህን በየገጹ መድገም አለብሽ። አደራ፣ ሪሴት ኦል ቼንጅስ አትጫኚ፤ መጠኑን ብቻ ሳይሆን በእጅ የገቡትን ርዕሶች፣ መግለጫዎችና ምስሎች አብሮ ያጠፋል። መጠኑን ብቻ መመለስ ከተፈለገ ሪሴት ሳይዝ ነው።

---

ፒክሰል ቆጣሪ

ከላይ ለተባለው አጭር ማስተካከያ። "ሀግ ወላጅና ፊል ልጅ አብረው አይኖሩም" ብሎ የሚያነብ እንዳይሳሳት፦ ጋፑ በሚሄድበት፣ ማለትም ልጆቹ በሚደረደሩበት ዋና አቅጣጫ ልክ ነው። በተሻጋሪው አቅጣጫ (ለቁልቁል ፍሬም በወርዱ፣ ለአግድም በቁመቱ) ግን ቢያንስ አንድ ልጅ ፊል ካልሆነ ይቻላል።

ምሳሌ፣ ተቆልቋይ ሜኑ። ቁልቁል ፍሬም፣ አምስት ምርጫዎች። ሜኑው እንደ ረጅሙ ምርጫ እንዲሰፋ፣ ሌሎቹም እኩል እንዲሆኑ ትፈልጋላችሁ። ወላጁን በወርድ ሀግ፣ ረጅሙን ምርጫ ሀግ፣ አራቱን ፊል አድርጉ። ረጅሙ ወርዱን ይሰጣል፣ አራቱ ይከተሉታል። አምስቱንም ባንድ ላይ መርጣችሁ ፊል ካላችሁ ግን ወላጁ ይደርቃል። የሰማያዊትም ስህተት ይኸው ነበር፤ ርዕሱንና መግለጫውን ባንዴ ነው የመረጠችው።

ደካማ ጎኑ፣ ነገ ከፊሎቹ አንዱ ረጅም ጽሑፍ ቢገባበት ሜኑው አይሰፋለትም። የምርጫዎቹ ጽሑፍ የሚቀያየር ከሆነ ለሜኑው ፊክስድ ወርድ መስጠት ይሻላል።

---

መስመር በመስመር

ትክክል ነህ፣ አመሰግናለሁ። እኔም "ልጆቹ በሙሉ" ያልኩት ለዚህ ነበር፤ ግን አቅጣጫውን መለየት ነበረብኝ።

---

ኮድ ቤት

ይህ ካርድ ወደ ኮድ ሲሄድ ከሚበላሽባቸው ቦታዎች ሦስቱን ልጨምር፤ ዲዛይነሩ ቀድሞ ቢያውቃቸው ብዙ ምልልስ ይቀራል።

ሀግ በሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ በሚጻፍበት ቋንቋ) ፊት-ኮንተንት እንደማለት ነው። ፊል በዋናው አቅጣጫ ፍሌክስ 1 0 0፣ በተሻጋሪው አላይን-ሰልፍ ስትሬች ይሆናል። እስከዚህ ይስማማሉ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፊግማ ውስጥ ፊል የሆነ ፍሬም ቦታ ሲጠበው ያለ ምንም ገደብ ይጠባል። ብራውዘር ላይ ግን የፍሌክስ ልጅ (በፍሌክስ ከተደረደሩት አንዱ) ሚን-ዊድዝ፣ ማለትም አነስተኛ ወርድ፣ ካልተነገረው አውቶ ነው፤ አውቶ ማለት ደግሞ ከውስጡ ካለው ረጅሙ ያልተቆረጠ ቃል በታች አልጠብም ማለት ነው። ርዕሱ ውስጥ ረጅም ሊንክ ወይም የፋይል ስም ከገባ ቀስቱ ፊግማ ላይ ደህና ሆኖ፣ ብራውዘር ላይ ከካርዱ ይወጣል። መሃል ላለው ፍሬም ሚን-ዊድዝ 0 መስጠት፣ ረጅሙ ቃል እንዲሰበርም ኦቨርፍሎው-ራፕ ኤኒዌር ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ፊግማ ውስጥ ፊክስድ የሆነ ምስል ምን ቢጨናነቅ 72 ነው። ብራውዘር ላይ ፍሌክስ-ሽሪንክ (መጨመቅን የሚፈቅደው ቁጥር) ሳይነገረው 1 ስለሆነ ቦታ ሲጠፋ ምስሉ ከ72 በታች ሊጨመቅ ይችላል። ለምስሉም ለቀስቱም ፍሌክስ-ሽሪንክ 0።

ሦስተኛው ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) ነው። ፊግማ ስትሮክን በነባሪነት ከስሌት ውጭ ያደርገዋል። የላይና የታች ፓዲንጉ 12፣ የጽሑፉ መስመር ቁመት 20 የሆነ በተን ፊግማ ላይ 44 ነው። ብራውዘር ላይ 1 ፒክሰል ቦርደር ያለው ያው በተን ቁመቱ ካልተጻፈለት 46 ይሆናል። ቦርደር የሌለውና ቦርደር ያለው በተን ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታየው የ2 ፒክሰል መፋለስ ከዚህ ነው የሚመጣው። በኦቶ ሌይአውት ዝርዝር ቅንብር ውስጥ ስትሮክስ የሚለውን ኢንክሉዲድ አድርጋችሁ ብትሰጡን ቁጥሮቻችን ይገጥማሉ።

---

አዲስ ገጽ

ይቅርታ፣ ተቀራራቢ ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ። የቻት መልእክት ሳጥን ነው። አጭር መልእክት ሲሆን ሳጥኑ አጭር፣ ረጅም ሲሆን እስከ 264 ሰፍቶ ከዚያ ወደ ታች እንዲወርድ ነው የተፈለገው። ሳጥኑ ላይ ማክሲመም ወርድ 264 ተሰጥቷል፣ ጽሑፉ ግን ሳጥኑን ጥሶ ይወጣል። ጽሑፉ ፊል ሲደረግ ደግሞ "እሺ" የምትለው አንዲት ቃል 264 በሚሰፋ ባዶ ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለች።

---

መስመር በመስመር

ገደቡ የተቀመጠው ከሚገባው በላይ ባለው እርከን ላይ ነው። ሳጥኑን ስትገድበው ሳጥኑ 264 ላይ ይቆማል፣ ጽሑፉ ግን ሀግ ስለሆነ ገደቡን አያውቅም። ፊል ስትለው ደግሞ ከላይ የተባለው ክብ ይፈጠርና ሳጥኑ ይደርቃል።

ገደቡን ከሳጥኑ አንሳና ለጽሑፉ ስጠው። ሳጥኑ በወርድም በቁመትም ሀግ፣ ፓዲንጉ 12። ጽሑፉ በወርድ ሀግ፣ ከዚያ የወርድ ሳጥኑን ቀስት ከፍተህ አድ ማክስ ዊድዝ በልና 240 ጻፍ። 240 ሲደመር 12 እና 12፣ 264። ሚኒመምና ማክሲመም ከ2023 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፋይሎች ላይ ለአጭርና ለረጅም መልእክት ሁለት ቫሪያንት (የአንድ ኮምፖነንት የተለያየ መልክ) የሚገኘው ለዚህ ነው። አሁን አንዱ ይበቃል።

የላኪው መልእክት ወደ ቀኝ እንዲጠጋ ሳጥኑን ፊል በሆነ አንድ የአግድም ፍሬም ውስጥ አስገባና የዚያን ፍሬም አሰላለፍ ወደ ቀኝ አድርገው። ሳጥኑን ራሱን አትንካው።

---

ሰማያዊት

ካርዶቹን በሁለት ዓምድ የሚያሳይ ሌላ ገጽም አለ፣ በራፕ (ቦታ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ረድፍ በሚያወርደው ኦቶ ሌይአውት) የተሠራ። እያንዳንዱ ካርድ ፊል ነው፣ ሚኒመም ወርዱ 160፣ ጋፑ 12። አምስተኛው ካርድ ብቻውን ሲቀር ሙሉውን 343 ይይዛል። ሌሎቹ ደግሞ 165.5 ናቸው። ግማሽ ፒክሰሉን ለማጥፋት 166 ሲጻፍ ዓምዱ አንድ ብቻ ይሆናል።

---

ፒክሰል ቆጣሪ

የመጨረሻውን ላስቀድም፣ ምክንያቱም በቁጥሩ ውስጥ መልሱ ይታያል። 166 ሲደመር 166 ሲደመር 12፣ 344 ነው። ያለሽ ቦታ 343። በ1 ፒክሰል ስላልበቃ ሁለተኛው ካርድ ወደሚቀጥለው ረድፍ ወረደ። ከዚህም በላይ 166 ብለሽ በጻፍሽበት ቅጽበት ካርዱ ከፊል ወደ ፊክስድ ተቀይሯል፤ ገጹ ሲሰፋ አብሮ አይሰፋም።

165.5 የመጣው 375 ጎደሎ ቁጥር ስለሆነ ነው። ከጎደሎ ላይ ለሁለት እኩል የሚካፈል ፓዲንግና ጋፕ ስትቀንሺ የሚተርፈው ጎደሎ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ግማሽ ይወጣዋል። ገጹን 390 ብታደርጊው 346 ለሁለት፣ 173 ይወጣል። ስለዚህ ካርዱን አትንኪው። ግማሽ ፒክሰሉ ያስቸገረሽ ቀጭን መስመር ደብዝዞ ስለሚታይ ከሆነ ጋፑን 13 አድርጊው፣ 165 ይሆናል። ለኮድ ሠሪው የሚሰጠው ግን "ሁለት እኩል ዓምድ" የሚለው ነው፤ ብራውዘሩ የራሱን ስሌት ይሠራል።

ሌላው የግማሽ ፒክሰል ምንጭ የስኬል መሣሪያው ነው፣ ኬ ሲጫኑ የሚመጣው። መጠን ለመቀየር በእሱ የተጎተተ ካርድ ፓዲንጉም፣ ጋፑም፣ የፊደሉ መጠንም አብሮ ይቀየራል። 16 የነበረው 14.67 ሆኖ ካገኘሽው በኬ ተጎትቷል ማለት ነው። ካርድ ሲሰፋና ሲጠብ ሁልጊዜ በተራው መምረጫ፣ በቪ።

አምስተኛው ካርድ የሚንሰራፋው ደግሞ ራፕ እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ስለሚያሰላ ነው። በመጨረሻው ረድፍ ያለው ፊል ብቻውን ስለሆነ የረድፉን ቦታ በሙሉ ይወስዳል። ለካርዶቹ ማክሲመም ወርድ ብትሰጪ ሰፊ ገጽ ላይ በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ ይተርፋል። በ2025 የመጣው የግሪድ ኦቶ ሌይአውት ለዚህ የተሻለ ነው፤ ዓምዱን 2 ትይዋለሽ፣ አምስተኛው ካርድ የራሱን ክፍል ብቻ ይይዛል።

በራፕ መቀጠል ግዴታ ከሆነ ስድስተኛ ካርድ ጨምሪና ኦፓሲቲውን (የመታየት መጠኑን) 0 አድርጊው።

---

አዲስ ገጽ

ስድስተኛውን ከሌየር ዝርዝሩ ላይ በዓይን ምልክቱ መደበቅ አይቻልም?

---

ፒክሰል ቆጣሪ

አይቻልም። በዓይን ምልክቱ የተደበቀ ነገር ከኦቶ ሌይአውት ስሌት ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ጋፑም አብሮት ይጠፋል፤ አምስተኛው ካርድ ወዲያው ተመልሶ 343 ይሆናል። ኦፓሲቲው 0 የሆነ ነገር ግን አይታይም እንጂ ቦታውን ይዞ ይቆያል። የማይታየው ካርድ ወደ ኮድ ሲሄድ አላስፈላጊ ነገር እንዳይሆን የሌየሩን ስም "ቦታ መያዣ" በሉት።

---

ሰማያዊት

ግሪዱ ሠርቷል፤ 375 ላይም 320 ላይም ሁለት እኩል ዓምድ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በመጀመሪያው የዝርዝር ገጽ፣ በካርዱ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ቀይ የማሳወቂያ ነጥብ ካርዱ ውስጥ ሲገባ ከቀስቱ ጎን ተሰልፎ መሃሉን 191 የነበረውን አጠበበው።

---

መስመር በመስመር

ነጥቡን ምረጪና ኢግኖር ኦቶ ሌይአውት የሚለውን ተጫኚ፤ በቆዩ ስሪቶች አብሶሉት ፖዚሽን ይባል የነበረው ነው። ከሰልፉ ይወጣል፣ ጋፑንም ይዞ ይሄዳል፣ መሃሉም ወደ 191 ይመለሳል። ከዚያ ኮንስትሬይንቱን (ከየትኛው ጠርዝ ጋር እንደሚታሰር) ወደ ቀኝና ወደ ላይ አድርጊው፤ በነባሪው ግራ ላይ ከተውሽው ገጹ ሲጠብ ነጥቡ በ343 የነበረበት ቦታ ላይ ይቀርና ከካርዱ ውጭ ይንሳፈፋል። ነጥቡ ከካርዱ ጠርዝ ትንሽ ወጣ እንዲል ከተፈለገ የካርዱ ክሊፕ ኮንቴንት (ከጠርዝ የወጣውን የሚቆርጠው ምርጫ) መጥፋት አለበት፣ አለበለዚያ ግማሹ ተቆርጦ ይታያል።